የአደባባይ ጭብጨባና የጓዳ ሐሜት

እኔ ያደግሁባት ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። ወታደሮች በማሠልጠኛዋ ያውቋታል፤ ሌላው መንገደኛ ግን በመስኮት አሻግሮ አይቷት፣ ላቡን ጠርጎ፣ ኤረር ሳይደርስ የሚረሳት ሞቃት ስፍራ ነበረች። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለች ትንሽ ቦታ አንድ ጥቅም አላት። በትልቁ ከተማ የተፈለሰፈው መፈክር ሁሉ ወደ እርስዋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አሮጌው በደንብ ሳይፋቅ አዲሱ በላዩ ይጻፋል። በጣቢያው አጠገብ አንድ ግንብ ነበረ፤ ፀሐይ ቀለሙን ስትበላው ከአዲሱ ጽሕፈት ሥር የአሮጌው ፊደል ብቅ ይል ነበር። ልጆች ሆነን ሁለቱን ባንድነት እያነበብን እንሥቅ ነበር። በኋላ ሣቁ ቀረ።

ዛሬ ለመጻፍ ያሰብሁት ስለ መሪዎች ንግግርና ስለ እኛ ስለ ሰሚዎቹ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መሪዎችን ብቻ የምወቅስ መስሎህ ደስ ብሎህ እንደ ሆነ ጥቂት ታገሠኝ።

ባገራችን ስለ ፖለቲካ የሚነገርበት ቋንቋ ሁለት ነው፤ አንዱ የአደባባይ፣ ሁለተኛው የጓዳ። በአደባባይ «ይኑሩልን» እንላለን፤ «ትቅደም» እንላለን፤ «ከጎንዎ ነን» እንላለን። ማታ ደግሞ በሩን ዘግተን፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ «ተወኝ እባክህ፤ ሁሉም ለሆዱ ነው» እንላለን። ይህንንም ስናደርግ አደባባዩን ሐሰት፣ ጓዳውን እውነት አድርገን እንቆጥራለን። ሕዝቡ እኮ ያውቃል፣ ብቻ ዝም ይላል እያልንም እንጽናናለን። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበር። አሁን ግን ጓዳውም እንደ አደባባዩ ሐሰት ነው ወደ ማለት ደርሻለሁ።

የድሬዳዋና የሐረር ሰው ለማንም «አንተ» ብሎ መናገር እንደሚወድ አንባቢ ያውቃል። ሽማግሌውንም አለቃውንም «አንተ» ይላል፤ ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጣ እንግዳ ሲሰማን ባለጌ ያደርገናል። እኛ ግን በዚህ እንኮራለን፤ በሆዳችን የምንይዘው ነገር የለም እንላለን። እንግዲህ ይህ አንደበቱ ያልታሰረ ሕዝብ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ከበሩ ላይ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው «አንተ»ነቱን አውልቆ ይገባል። ሲወጣ መልሶ ያጠልቀዋል። ይህን ያየሁት በሌላ ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

የጓዳው ጥርጣሬ ባገራችን ታላቅ ክብር አለው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰምና ወርቅን ያህል ጥበብ ያለው ሕዝብ ነን፤ በንጉሥ ፊት ቆሞ እያመሰገነ የወቀሰውን ባለ ቅኔ ታሪክ ከአባቶቻችን ተቀብለን ለልጆቻችን እናወራለን። እኔም ቅኔን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ከምወደው ነገር አንዱ ነው። ነገር ግን ሰምና ወርቅ የአገር አስተዳደር ጠባይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ልብ አድርጎ ማየት ይገባል። ተናጋሪው ወቅሻለሁ ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋል። የተወቀሰውም ሰሙን ብቻ ሰምቶ፣ ወይም የሰማ መስሎ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለቱም በየቤታቸው በሰላም ያድራሉ። የተበደለው ሰው ብቻ እንደ ተበደለ ያድራል። ወርቁ ለርሱ አልደረሰምና።

ምሳሌውን ሩቅ ሳንሄድ ከገዛ ዘመናችን እንውሰድ። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል ተከበረ። በዓሉ በተከበረ በዓመቱና ከዚያም በኋላ የወሎ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ ያነሣው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ፣ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተጭነው ሄዱ። በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ በዚያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ነገሩን የሰማነው በራዲዮ ነው። ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም። የረሃቡም ነገር እውነት፣ የድግሱም ነገር እውነት ነበረ። ዛሬ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ሌባ» ብሎ የጮኸው ሕዝብ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ጎዳና «ይኑሩልን» ብሎ እልል ያለው ነው። በሁለቱ ጩኸቶች መካከል «ይህ ሁሉ ድግስ በስንት ተደገሰ? ወሎ ምን ተላከለት?» ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ነበረ? ተማሪዎችና ጥቂት መምህራን ነበሩ። የቀረው ሰው ከ«ይኑሩ» ወደ «ሌባ» የተሻገረው በጥያቄ ድልድይ ላይ አልነበረም። ነፋሱ ሲዞር ዞረ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መፈክር አንድ ሐያሲ ግጥም እንደሚመረምር ልመርምረው። «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ተባለ። እንደ ቃል አሠራር የሚደነቅ ነው፤ አጭር ነው፣ ቤቱ ይመታል፣ ለልጅም ለሽማግሌም አፍ ይመቻል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤት የለውም። ማን ነው ደም የማያፈሰው? ማንስ ነው የሚያስቀድማት? ቢፈስስ ተጠያቂው ማን ነው? «ትቅደም» የሚለው ቃል የማንንም ስም አይጠራም። ስም በሌለው ቃል ሰውን መያዝ አይቻልም። እኛም ይህን ሳንመረምር በሁርሶ ጣቢያ ከበሮ እየመታን ዘፈንነው። ከመስከረም 2 እስከ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ቀን ነው። በዚያች በኅዳር 14 ሌሊት ስድሳ ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ።

ከነዚያ ከሞቱት አንዱ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ነበሩ። ለእኛ ለምሥራቁ አገር ሰዎች አማን እንግዳ ስም አልነበረም፤ በሐረርጌ የሦስተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው ከሱማሌ ጋር በ1956 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ስማቸው የገነነ፣ ወታደሩ የሚወዳቸው ሰው ናቸው። ደርግ ሊቀ መንበር ያደረጋቸውም ስለ ተወደዱ ነበር። የተወደደ ሰው «እንቢ» እስኪል ድረስ ለመንግሥት ጌጥ ነው። የኤርትራን ነገር በጦር ብቻ ለመጨረስ እንቢ አሉ፤ የታሰሩት ሹማምንት እንዲገደሉም አልተስማሙም። ሊይዟቸው ሲመጡ በቤታቸው ውስጥ ሲዋጉ ሞቱ። በማግሥቱ ራዲዮኑ ስለ ሟቾቹ ሲናገር ያጨበጨበ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በሻይ ቤት ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣብኛል። «ችግሩ የመሪዎቹ አለመቅናት ነው፤ ቅን መሪ ቢገኝ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር» የሚል ይኖራል። ይህ አስተያየት እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ በቸልታ ላልፈው አልወድም።

ገርማሜ ንዋይ ቅን አልነበረም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። በወላይታ አውራጃ ገዢ ሆኖ ለጭሰኛው ያሰበ፣ በኋላም ወደ ጅጅጋ የተላከ የተማረ ሰው ነበረ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሲያነሣ ለራሱ ጥቅም ነው ያሉት ጠላቶቹም ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ያ ቅን ሰው ነገሩ በከሸፈ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩት ሹማምንት ሲረሸኑ ከረሻኞቹ መካከል ነበረ። ቅንነቱ እጁን አልያዘውም። እንዲያውም ራሱን ንጹሕ አድርጎ የሚያይ ሰው የሌላውን ሰው ሕይወት ለመውሰድ እንደሚቀልለው ከዚህ ይታያል።

ይህ አላሳመነህ እንደ ሆነ ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምርልህ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎቹን ካስወገዱ በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች እየወረወሩ ሰበሩ። የጠላት ደም እንዲህ ይፈስሳል ማለታቸው ነው። እንግዲህ እንደ ሐያሲ ፍረድ። በዘመናችን ከተነገሩት ንግግሮች ሁሉ ሐሰት ያልነበረበት፣ ተናጋሪው ያለውን ያደረገበት፣ ምናልባት ይኸኛው ሊሆን ይችላል። «ያለ ምንም ደም» ሐሰት ነበረ፤ ጠርሙሱ እውነት ነበረ። ታዲያ ቅንነት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ከጠርሙሱ በኋላ በተሻልን ነበር። በአደባባዩ የነበረው ሕዝብ ለጠርሙሱም አጨበጨበ።

ስለዚህ «መሪው ከልቡ ነውን?» የሚለው ጥያቄ፣ ጓዳ ተቀምጠን ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከርበት ጥያቄ፣ ከንቱ ጥያቄ ነው እላለሁ። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው። እኛ ልናየው የምንችለው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡን «አሳየኝ» ያለውም ሰው በማግሥቱ በአልጋው ላይ መነሣት አለመነሣቱን ነው።

የቀረውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ አከበረ፤ ኢሠፓም ያን ጊዜ ተመሠረተ። በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ንጉሡን የከሰሰው ፊልም ሠሪ እንደ ገና ቢመጣ ሥዕሎቹን አሁንም ከድግሱ ጋር መቀጠል በቻለ ነበር፤ የሚያሳይበት ቴሌቪዥን ግን ባላገኘም ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል በ1975 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በአደባባይ የጓዳውን ነገር ተናገረ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። እኛ ምን አደረግን? መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍነን፣ እየተዋዋስን አነበብነው፤ «ምን ያለ ደፋር!» እየተባባልንም አደነቅነው። ድፍረቱን ለርሱ ትተን አድናቆቱን ለራሳችን ወሰድን።

በሌላም አገር እንዲሁ ነው ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። በሩማንያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ቻውሼስኩ በቡካሬስት ሰገነት ላይ ቆሞ ሲናገር፣ ሃያ አራት ዓመት ያጨበጨበለት ሕዝብ ባንድ ጊዜ ማጉረምረምና መጮኽ ጀመረ። ሰውዬው እጁን አንሥቶ ደንግጦ የቆመበት ሥዕል አለ። በአራተኛው ቀን ከሚስቱ ጋር ተረሸነ። ብዙዎች ይህን እንደ ታላቅ የእውነት ቀን ያነሡታል። እኔ ግን ያን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ከድንጋጤው በስተኋላ ያለው ነገር ነው የሚታየኝ። ሰውዬው ሕዝቡ እንደሚወደው በእውነት ያምን ነበር። ማን ነገረው? ሃያ አራት ዓመት ያ ሕዝብ ራሱ አይደለምን? ጭብጨባ ለመሪው የሚሰጥ መርዝ ነው፤ ሰጪው ግን ራሱን ተመርዤ ነበር ብሎ ይቆጥራል።

ወደ እኛው ልመለስ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የገዢው ፓርቲ ሰልፍ ሆነ፤ አደባባዩ ሞላ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 በዚያው አደባባይ የተቃዋሚዎቹ ሰልፍ ሆነ፤ አደባባዩ ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። በሁለቱም ቀን የነበሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንዱ የኔው ዘመድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ቲሸርት ለሁለተኛው ቀን ገልብጦ ለብሶት ሄደ። ቅዳሜ ከአደባባዩ የተመለሱት ሹማምንት በጭብጨባው ተደስተው ቢሆን ማን ይፈርድባቸዋል? በሳምንቱ ግንቦት 7 ቀን ሰዉ በመጋረጃ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ድምፁን ሰጠ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። የጓዳው ጥርጣሬ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህም ያን ቀን አልንቀውም። ከዚያ በኋላ በሆነው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ከአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት የነበሩ ሰዎች ገለጡ። ሕዝቡ ያመናቸው የተቃዋሚ መሪዎችም ታሥረው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ከወጡ በኋላ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። ያን ጊዜ ጓዳው ወዲያው «ብለን ነበር፤ ሁሉም አንድ ናቸው» አለ። ይህ አባባል እጅግ ያናድደኛል። ሁሉም አንድ ከሆኑ እኔ ምንም ማድረግ የለብኝም ማለት ነውና፤ ለሰነፍ ከዚህ የተሻለ ትራስ የለም። ክፉ ገዢም ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አያገኝም። የሚያምነው ሰው አንድ ቀን ተከድቼአለሁ ብሎ ይነሣበት ይሆናል። ማንንም የማያምነው ግን ከቤቱ አይወጣም።

«ስለ ሩቁ ዘመን እንጂ ስለ ቅርቡ ለምን አትጽፍም?» ያልኸኝ እንደ ሆነ ልክ ነህ፤ ይህን ጽሑፍ ስጀምር እዚህ ላይ ልዘለው አስቤ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲመጡ እስረኞች ተፈቱ፤ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወረደ። ሰኔ 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ወጣ። እኔም በሽምግልናዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በ2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በመካከሉ ያለቀውን ሰው ማን እንደ ቆጠረው አንተው ጠይቅ። በዚህ ዘመን የየወገኑን መሪ መላእክት፣ የሌላውን ወገን ሰይጣን አድርጎ ያጨበጨበ ብዙ ነው። ጓዳው እንኳ በየወገኑ ተከፋፈለ። ያ በሰኔ ያቀረረው እንባዬ ሐሰት አልነበረም። ግን እንባ ምስክር አይሆንም፤ የኔም እንባ ቢሆን።

አሁን እስካሁን ያዘገየሁትን የራሴን ነገር ልናገር።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሱማሌ ጦር ኦጋዴንን ያዘ፤ ነሐሴ 11 ቀን ድሬዳዋን አጠቃ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሐዲድ ተቆርጦ ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበረ፤ የእናት አገር ጥሪም እውነተኛ ነበረ፤ ይህን የምለው አንባቢ ነገሩን ሁሉ ማታለል እንዳያደርገው ነው። በየቦታው ለጦሩ ስንቅና ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። በእኛም ዘንድ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዎቹ ከደመወዝተኛው ገንዘብ፣ ደመወዝ ከሌለው ደግሞ የተገኘውን ይወስዱ ነበር። ከአንዲት እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥ ባል ከሌላት ሴት አንዲት ፍየል ተወሰደች። ያቺ ፍየል ወደ ጦሩ እንዳልሄደች ሁላችንም እናውቅ ነበር። የት ቤት እንደ ታረደች፣ ማን ማን እንደ በላት፣ ቆዳዋ የት እንደ ተሰጣ እናውቅ ነበር። ማታ ማታ ስለ እርስዋ እየተጫወትን እንሥቅ ነበር። እኔ ስለ ፍየሏ ወርቅ ያለው አንድ ሁለት ስንኝ ሳይቀር ገጥሜ ነበር፤ ጓደኞቼ ወደዱልኝ።

በመካከላችን አንድ ሐዲድ የሚጠግን ሠራተኛ ነበረ። ስሙን አልጽፈውም። ከእኔ በሃያ ዓመት ቢበልጥም በአገራችን ልማድ «አንተ» እለው ነበር። ይህ ሰው የጓዳ ጨዋታ አይወድም፤ ስናማ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። አድርባይ ይመስለን ስለ ነበረ እርሱ ሲመጣ ዝም እንል ነበር። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ስብሰባ ተጠራ። መፈክሩ ተባለ፤ ሰብሳቢው ስለ ድሉ፣ ስለ ሕዝቡም ልግሥና ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» አለ፤ ይህ እንደ ቡራኬ ያለ ልማድ ነበር እንጂ ጥያቄ ይነሣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያ ሰው ተነሣና፣ «ከእኔ ደመወዝ አሥራ አምስት ብር ተቆርጧል፤ ደረሰኝ አልተሰጠኝም። የዚችም ሴትዮ ፍየል ተወስዳለች። ፍየሏ የት ደረሰች?» አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። መሪ አልሰደበም፤ አብዮቱን አልነቀፈም። እኔ ቅን ነኝ፣ እናንተ ሌቦች ናችሁ አላለም። ስለ ማንም ልብ አልተናገረም። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ የሰማሁት ፍጹም የሆነ የፖለቲካ ንግግር ይህ ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም ነገሩም የታወቀ ነው፤ ቤት አይመታም፤ ሰምም ወርቅም የለበትም። የደርግ መፈክር የጎደለው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነበረ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይህ ሰው በጥሪው ላይ አሉባልታ የሚነዛ ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አለ። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ግራ እጅ ነው። ከፊት ያሉት አነሡ፤ ከኋላ ያሉት አነሡ። ጎኔ የተቀመጠው፣ ግጥሜን ከሁሉ ይልቅ የወደደው ጓደኛዬ አነሣ። እኔም አነሣሁ። ባለ ፍየሏ ሴት ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ እርስዋም አነሣች። ተገድጄ ነው ልል እችላለሁ፤ ብዙ ዘመንም ለራሴ እንዲሁ ብዬአለሁ። ነገር ግን ማንም ስሜን አልጠራም፤ ጠመንጃም ወደ እኔ አልዞረም። ከመቶ እጅ አንድ ቢጎድል የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ በመንግሥቱ አላምንም ነበር፤ በሰብሳቢው አላምንም ነበር፤ በመፈክሩም አላምንም ነበር። ተጠራጣሪ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርሁ። ጥርጣሬዬ ክንዴን አልከለከለም።

ሰውዬውን በዚያው ምሽት ወሰዱት። አሥራ አንድ ወር ታሥሮ ወጣ።

በተመለሰ በጥቂት ቀን በጣቢያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት አገኘሁት። ከስቶ ነበር፤ ካንዱ እግሩም ያነክስ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁና የምናገረውን ሳላውቅ፣ «ያን ቀን እኮ እኔ…» ብዬ ጀመርሁ።

«አቦ ተወኝ» አለኝ። «ሻይ ጠጣ።»

ጠጣን። ስለ ሙቀቱና ስለ ሐዲዱ ጥገና ጥቂት ተጨዋወትን። እከፍላለሁ ብል እንቢ ብሎ አንድ ብር አውጥቶ ሰጠ። ሻይ ሻጩ መልሱን አመጣለት። ሰውዬው ሳንቲሞቹን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አንድ ባንድ ቆጠረና፣ «ስሙኒ ይጎድላል» አለ። ሻይ ሻጩ ኪሱን ፈትሾ ስሙኒዋን ሰጠው።